በበጋ አንድ ስንዝር ስለሚተው የዝሆኔ ሳር

ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ተጽፎ በማግሥቱ የቀረበ

ለደንገል በር ወረዳ የእንስሳት መኖ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አመልካች፦ ወ/ሮ እንኳየሁ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የጨፌ ሚካኤል ቀበሌ ነዋሪና የሳር ማኅበሩ አባል፣ የድርሻ ቁጥር 19

ጉዳዩ፦ ሳሩን ከፍ አድርጌ በማጨዴ «አላጨደችም» ተብሎ ድርሻዬ ለሌላ ሰው እንዲተላለፍ የተሰጠው ውሳኔ፣ ሳሩ እንደገና በዓይን ሳይታይ እንዳይፈጸም ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. ነገሩ የሆነው ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ዝናቡ ካቆመ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። ሰማዩ ጠርቶ አንድ ደመና አልነበረውም፤ ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ግን ስለቀዘቀዘ ሁሉም ጋቢውን እንደ ተከናነበ ነበር። በቦታው የነበርነው የሳር ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ይታየው፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ ወ/ሪት መቅደላዊት፣ ጎረቤቴ ወ/ሮ አዛለች፣ ባለቤቴ አቶ ክንዴ እና እኔ ነን።

2. ኮሚቴው የየሰዉን ድርሻ ለማየት የሚዞረው በበዓል ቀን ነው። በሥራ ቀን ሁሉም ማሳው ላይ ስለሚውል ሰው ተሟልቶ አይገኝም። ልማዱ ሸጋ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። በዚያ ቀን ግን አንድ ችግር አመጣብኝ። በመድኃኔ ዓለም ማጭድ አይያዝም። ስለዚህ «ለምን እንዲህ አጨድሽ?» ስባል ሁለት እግር ሳር አጭጄ ማሳየት አልቻልሁም፤ በአፌ ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ቃል ቶሎ የሚመጣልኝ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ያልተናገርሁትን ነው ዛሬ ለእርስዎ የምጽፈው።

3. ያዩት ይህን ነው። ድርሻዬ ሃያ አራት መስመር አለው፤ በየመስመሩ አርባ እግር ዝሆኔ ሳር ተተክሏል። አራቱ መስመር እስከ መሬቱ ተላጭቷል። ሃያው መስመር ግን አንድ አንድ ስንዝር ጉቶ ተትቶበታል። አያ ይታየው ከዳር ቆመው ትንሽ ካዩ በኋላ «ምነው እንኳየሁ፣ የደነዘው ማጭዱ ነው ወይስ ክንዴ?» አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ክንዴ በቀበሌያችን በአጨዳ አንደኛ የሚባል ሰው ስለሆነ ቀልዱ ከሌላው ሁሉ በላይ የተሰማው እርሱን ነው። ከኮሚቴው አንዱ «ይህ ታጭዶ አይደለም፣ ተደባብሶ ነው» ብለው ጨመሩበት። እኔ «ሆን ብዬ ነው» አልሁ።

4. ወ/ሪት መቅደላዊት የያዘችው ቅጽ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበረው፤ አንዱ «ታጭዷል» የሚል፣ ሌላው «አልታጨደም» የሚል። ልጅቱ ቅን ናት፤ ብዕሯን ይዛ ቆይታ «እትዬ እንኳየሁ፣ ስንዝር የሚል ሳጥን የለኝም እኮ» አለችኝ። ከዚያም «ከ24 መስመር የታጨደው 4 ብቻ» ብላ ጻፈች። ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ቁጥር በአእምሮዎ እንዲይዙልኝ እለምናለሁ። እንደ ታጨዱ የተቆጠሩልኝ አራቱ መስመሮች ዛሬ እየሞቱ ያሉት ናቸው።

5. ወደ ኋላ ልመለስ። ጨፌው ከዛሬ አምስት ዓመት በፊት ልቅ ግጦሽ ነበር። ከብቱ እየረገጠው በየካቲት ጭቃው እንደ ሸክላ ይደርቅ ነበር። ቀበሌው ከለለው፤ ሳር አስተከለ፤ ለሠላሳ አንድ አባላት በዕጣ አካፈለ። ለእኔ የደረሰኝ 19 ቁጥር ሩብ ጥማድ አይሞላም፤ ሆኖም አንዲት ላምና አንዲት ጊደር ከጭድ ጋር እየተደባለቀላቸው ዓመቱን ይዘልቁበታል። ላሟ በየካቲት ትወልዳለች። ድርሻው ከተወሰደ ጥጃዋ ከመምጣቷ በፊት ጊደሯን መሸጥ ይኖርብኛል። ጊደሯን ከእናቷ ሆድ ስትወጣ የተቀበልኋት እኔ ነኝ፤ ስሟም ደማም ነው።

6. ውሳኔው የተመሠረተበት የማኅበሩ ደንብ አንቀጽ 7 እንዲህ ይላል፦ «እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድርሻውን ከሥሩ አጽድቶ ያላጨደ አባል እንዳልሠራበት ተቆጥሮ ድርሻው ለተጠባባቂ ይተላለፋል።» ይህ አንቀጽ በክፋት አልወጣም። በ2014 ዓ.ም. አንድ አባል ሳሩን ሆን ብሎ አቁሞ ትቶ፣ ሰው ዞር ሲል በሬዎቹን እያስገባ ሲያበላ ተገኘ። ሳር ቆሞ ካልታየ በሬ የሚያስገባ አይኖርም ተብሎ አንቀጹ ተጻፈ። ድምፅ ሲሰጥ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ዛሬ የሚያስወጣኝ አንቀጽ እኔ ራሴ የደገፍሁት ነው። ያን ጊዜ ስለ በሬው እንጂ ስለ ሳሩ አላሰብሁም ነበር።

7. አሁን ይህን ነገር ከየት እንዳመጣሁት ላስረዳ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት አባቴ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ተማሪዎቻቸውን ሲያስቆጥሩ ከአጥሩ ውጭ ጥጥ እየፈተልሁ በመስማትና በአጥሩ ቀዳዳ በማየት ነው። ከዚያ ወዲህ የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ የደረሰኝን ሁሉ አነባለሁ። በጥር 2015 ዓ.ም. ማክሰኝት ገበያ ወርጄ ጨው ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጨውን ስገለብጥ የተጠቀለለበት ወረቀት ስለ መኖ ሳር የሚናገር ሆኖ አገኘሁት፤ ገጽ 14 ይላል። መጨረሻው መስመር እንዲህ ነበር፦ «ዝሆኔ ሳር በክረምት ወራት ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታጨድ፤ በበጋ ወራት ግን»። እዚያ ላይ አለቀ።

8. በሚቀጥለው ገበያ ወደ ጨው ነጋዴዋ ተመልሼ የቀረውን እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። እሷም «ምነው እቴ፣ ባለፈው ጠዋት መጽሐፉ ሙሉ ነበር። በጋውን ለአንዲት የአዘዞ ሴት ጠቅልየላት ሄዳለች። ከፈለግሽ የንብ ማነብ አለኝ» አለችኝ። የንብ ማነቡን ወሰድሁ፤ እሱንም አንብቤዋለሁ። በጋውን ግን ራሴ መፈለግ ነበረብኝ።

9. የልጄን የፅዮንን የትምህርት ቤት ማስመሪያ ወስጄ በእጄ ላይ ለካሁ። አራት ጣት ገጥሜ ስይዝ፣ ማለትም አንድ ጋት፣ ስምንት ሳንቲ ሜትር ሆነ። ስንዝሬ ሃያ አንድ ሆነ። ስለዚህ ወረቀቱ ለክረምት የሚለው ጋት ተኩል ያህል ነው ማለት ነው። ማሳ ላይ ማስመሪያ ይጠፋል፤ እጅ አይጠፋም።

10. ያን ዓመት፣ 2015 ዓ.ም. ማለት ነው፣ እንደ ሰዉ ሁሉ ጥቅምት ላይ ከሥሩ አስላጭቼ ነበርና የካቲት ላይ ቆጠርሁ። ከዘጠኝ መቶ ስድሳ እግር ሁለት መቶ አርባ ሰባቱ ደርቋል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሞተውን የምንተክለው «መሬቱ ይጠላዋል» እያልን ነበር። መሬቱ ምንም አላደረገም፤ የላጨነው እኛ ነን።

11. በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ ሌላውን እንደ ደንቡ አሳጭጄ ሦስት መስመር በዳር በኩል ለብቻ ያዝሁ። አንዱን እስከ መሬት፣ ሁለተኛውን ጋት ትቼ፣ ሦስተኛውን ስንዝር ትቼ አጨድሁ። ኮሚቴው ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ አላስተዋለም፤ እኔም አልተናገርሁም፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የካቲት መጨረሻ ላይ ስቆጥር እስከ መሬት ከተላጨው መስመር ከአርባው አሥራ ሰባቱ ደርቋል። ጋት ከተተወለት ስምንቱ። ስንዝር ከተተወለት ሁለቱ ብቻ፤ ከሁለቱም አንዱን ፍልፈል ነው የበላው፤ በፍልፈሉ ላይ አቤቱታ የለኝም። ስንዝር የተተወለት መስመር በዚያ በጋ ሁለት ጊዜ ታጭዷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ስንዝሩን ጠብቄ። የተላጨው መስመር አንድ እቅፍ እንኳ አልሰጠኝም።

12. ምክንያቱ እኔ እንደማየው ይህ ነው። ዝናብ ሳለ ሳሩ የተቆረጠበትን ወዲያው ይተካል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ጋት ተኩል ላይ ቢታጨድ አይጎዳም። እንዲያውም በክረምት ከፍ ካደረግነው ግንዱ ይወፍራል፣ ላሟም ቅጠሉን ለቅማ ግንዱን ትተወዋለች። ዝናብ ካቆመ በኋላ ግን ሳሩ የሚኖረው ባስቀመጠው ነው። ያስቀመጠውም በሥሩና በግንዱ እግር ላይ ነው። በተተወው ጉቶ ላይ ሁለት ሦስት አንጓ አለ፤ በየአንጓውም ዓይን አለ፤ የበጋው ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከሥሩ ከተላጨ ስንቁም ዓይኑም አብሮ ይሄዳል። ጉቶው ደግሞ መሬቱን ስለሚያጠላለት ርጥበቱ ቶሎ አይተንም። ሰኔ ሲገባ ያ ጉቶ አርጅቶ ይገረጣል፤ ያን ጊዜ ዝቅ አድርጎ ማንሣት ነው፣ አዲሱ ከሥር እንዲነሣ።

13. ይህን ካረጋገጥሁ በኋላ ዘንድሮ በሙሉ ድርሻዬ ላይ ለማድረግ ወሰንሁ። አጨዳው ጥቅምት 18 ቀን በደቦ ነበር፤ አሥራ አራት አጫጅ መጣ። እርስዎም እንደሚያውቁት በደቦ ሲታጨድ ክብሩ ማጽዳት ነው። ለሚወዱት ሰው እስከ መሬት ይላጫል፤ ጉቶ የሚተወው ለተጣሉት ነው። ነገሩን አስቀድሜ ለክንዴ ነግሬው ነበር፤ እርሱ ግን በሰዎቹ ፊት «ሚስቴ ከፍ አድርጉ ብላለች» ማለት አፍሮ ዝም አለ። እኔ ጠላውን ይዤ እስክደርስ አራት መስመር ተላጭቶ ጠበቀኝ።

14. ማሰሮውን አውርጄ በአጫጆቹ ፊት ሄጄ ቆምሁ። ከየመስመሩ መጀመሪያ አንድ እግር በእጄ ለክቼ፣ ስንዝር ትቼ አጨድሁና «እባካችሁ እንዲህ» አልኋቸው። ሲያዜም የነበረው ክንዴ ዜማውን አቋረጠ። አንዱ «ለዘመድ እንዲህ ይታጨዳል? ምን አድርገንሻል?» አለ። ሌላው «ወገባችን እንዳይታመም አዝናልን ነው፤ እግዜር ይስጥልን» ብሎ ቀና ብሎ ማጨድ ጀመረ። ሳቁ። እየሳቁም ሃያውን መስመር እንዳልሁት አጨዱልኝ፤ አመሰግናቸዋለሁ። ማታ ክንዴ «ሃያ ዓመት በማጭዴ ተመስግኜ፣ በገዛ ማሳችን ስሜ ጠፋ» አለኝ። እኔም እግሩን የሚታጠብበት ውኃ አመጣሁለት።

15. ኅዳር 2 ቀን የኮሚቴው ደብዳቤ ደረሰኝ። 19 ቁጥር ከታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለተጠባባቂዋ ለወ/ሮ አዛለች እንዲተላለፍ፣ እሷም ከመረከቧ በፊት ባለው ሳምንት «የቀረውን ጉቶ እስከ መሬት አጽድታ» እንድትረከብ ይላል። ከአዛለች ጋር ጠብ የለንም። ላም አላት፣ ሳር የላትም፤ ሦስት ዓመት በተጠባባቂነት ቆይታለች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ቃል ነው። እስከ መሬት ከጸዳ የእኔ ማስረጃ ብቻ ሳይሆን ሳሩ ራሱ ይጠፋል፤ አዛለችም የምትረከበው በየካቲት ባዶ መሬት ነው።

16. ትናንት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ማስመሪያውን ይዤ ጨፌው ወረድሁ። ከተላጩት አራት መስመሮች፣ ከመቶ ስድሳው እግር፣ ሰባ አንዱ ላይ አንድም አረንጓዴ የለም። በቀሩት ላይ ያለው ቡቃያ ከጣቴ አይበልጥም። በሃያው መስመር ላይ ግን ቡቃያው ከጉቶው በላይ ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር ደርሷል፤ ቆሜ ሳየው ጉልበቴን አልፏል። ከሩቅ ሲታይ መሬቱ ተጠይቆ የመለሰ ይመስል አራቱ መስመር ቢጫ፣ ሃያው አረንጓዴ ሆኖ በቀጥታ መስመር ይለያል። ክንዴ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር። ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ሄደና ተመልሶ «ያን ቀን ባላፍርብሽ ሸጋ ነበር» አለኝ። ይህን የምጽፈው እርሱን ለማሳፈር አይደለም፤ እርሱም ይህ ቃል እዚህ እንዲገባ ፈቅዷል። እንዲያውም «ሃያ ዓመት የላጨሁት የስንቱ ሳር ይሆን?» እያለ ሲቆጥር ነው የዋለው።

17. ኮሚቴውን አልከስም። አያ ይታየው ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ የራሳቸው ወንድም በሬ ባስገባ ጊዜ ያስወጡት እርሳቸው ናቸው። እኔን ደንቡን ጥሰሽ የራስሽን ሕግ አወጣሽ ቢሉኝም እውነት አላቸው፤ አስቀድሜ ማስፈቀድ ነበረብኝ። ሆኖም ደንቡ የተጻፈው ሳሩ እንዲኖር ከሆነ፣ ሳሩ ምን እንደሚል አንድ ጊዜ ቢጠየቅ ደንቡን ማቃለል አይመስለኝም።

18. ስለዚህ ክቡር ኃላፊ ከዚህ የሚከተለውን እንዲያደርጉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ) ከታኅሣሥ 1 በፊት አንድ ባለሙያ ከኮሚቴው ጋር ልከው አራቱና ሃያው መስመር ጎን ለጎን እንዲታዩልኝ። የሚመጡበት ቀን በዓል ባይሆን ደስ ይለኛል፤ ማጭድ ይዤ ላሳይ እፈልጋለሁ።

ለ) እስከዚያው ድረስ ጉቶው እስከ መሬት እንዲጸዳ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲቆም።

ሐ) አንቀጽ 7 ተሻሽሎ በክረምት ጋት ተኩል፣ ዝናብ ካቆመ በኋላ ስንዝር ተትቶ እንዲታጨድ፤ በቅጹም ላይ ለዚህ አንድ ሳጥን እንዲጨመር። በሬ ስለማስገባቱ ስጋት ካለ መለየት አይከብድም። ማጭድ የቆረጠው ጉቶ ጫፉ ለስላሳና ሰያፍ ነው፤ ከብት የነጨው የተሰነጣጠቀና ቁመቱ የተዘበራረቀ ነው። በተጨማሪም ከብት የገባበት ቦታ ኮቴ አለው፤ ጨፌ ኮቴ አይደብቅም።

መ) ወ/ሮ አዛለች በእኔ ምክንያት እንዳትቀር። የ7 ቁጥር ባለድርሻ ኑሯቸውን ወደ ጎንደር ከተማ ካዛወሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሳሩም በየጥቅምቱ በቅጥር ሰው እየተላጨ ከግማሽ በላይ ሞቷል። በቅጹ ላይ ግን «ታጭዷል» ስለሚል ማንም አልነካውም። ያ ድርሻ ለእሷ እንዲታሰብላት እጠይቃለሁ። የሚተከለውን ግንድ ሰኔ ላይ ከእኔ ድርሻ ቆርጬ እሰጣታለሁ፤ ክንዴም ቆፍሮ እንደሚተክልላት ቃል ገብቷል።

ሠ) በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ቤት ያ መጽሐፍ ካለ፣ ከገጽ 14 ቀጥሎ ያለውን እንዳነብ ቢፈቀድልኝ። «በበጋ ወራት ግን» ካለ በኋላ ምን እንዳለ ለማወቅ ሁለት ዓመት ጓጉቻለሁ። የእኔ ስንዝር ስሕተት ሆኖ ከተገኘ እታረማለሁ፤ ልክ ከሆነም ደስ ይለኛል።

19. እስከዚህ ድረስ ያለው የተጻፈው ትናንት ኅዳር 16 ቀን ነው። ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን ጠዋት ያደረግሁትን ደግሞ እዚሁ ቢሮዎ ደጅ ተቀምጬ እንዳለ ልጨምር፤ ምክንያቱም አቤቱታዬ ምላሽ እስኪያገኝ ድረስ ትእዛዙ ያለው በአዛለች እጅ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ላሟን አልቤ፣ ወተቱን ከድኜ፣ ማጭዴን ይዤ ወደ አዛለች ቤት ሄድሁ። በአጥሯ ሥር ዘጠኝ እግር ዝሆኔ ሳር አላት፤ ገና አልታጨደም። በረንዳዋ ላይ ገብስ ስታነፍስ አገኘኋት። «ደህና አደርሽ አዛለች፣ የአጥርሽን ሳር እንጨድ» አልኋት። ሰፌዱን አስቀምጣ ማጭዱን አየችና «ምነው እቴ፣ ድርሻሽን ለምትወስድ ሰው ደግሞ ልታጭጂላት መጣሽ?» አለችኝ። «ልታጭጂ ነው እንጂ ላጭድልሽ አይደለም» አልኋት። ሳቀች።

የመጀመሪያውን እግር እኔ አጨድሁ። እጄን መሬት ላይ አስደግፌ ስንዝሬን ዘርግቼ አሳየኋት፤ አንጓዎቹንና በላያቸው ያሉትን ዓይኖች በጣቴ አስቆጠርኋት። «19 ቢደርስሽም 7 ቢደርስሽም በበጋ እንዲህ ነው የምታጭጂው» አልኋት። «ኮሚቴው አጽጂ ብሎኛል እኮ» አለች። ወደ ወረዳ እየሄድሁ እንደሆነ፣ መልስ እስኪመጣ ድረስ ጉቶውን እንዳትነካው ለመንኋት። «እስከ ኅዳር መጨረሻ ማጭዴን አላስለውም፤ ከጠየቁኝ ደንዟል እላለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ማጭዱን ሰጠኋት። ሁለተኛውን ደህና አጨደች። ሦስተኛውንም በስንዝሯ ለክታ አጨደች፣ ከእኔ ግን ዝቅ አለ። እጄን ከእጇ ጋር ገጠምሁት፤ የእሷ ስንዝር በሁለት ጣት ያንሳል። «ለአንቺ ስንዝር ከሁለት ጣት ነው» አልኋት። አራተኛውን ስትይዝ እጇን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ስንዝሯን ዘርግታ፣ በላዩ የሌላውን እጇን ሁለት ጣት ደርባ ለካች። እስከ ዘጠነኛው ድረስ እንዲሁ እየለካች ጨረሰች። ሳሩን ለላሟ ሰጠናት። እጄን ታጥቤ፣ ይህን ወረቀት በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ አስፋልቱ ድረስ በእግሬ ወጥቼ በባጃጅ ወደ ቢሮዎ መጣሁ።

ከሙሉ አክብሮትና ከጨፌ ሚካኤል ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
እንኳየሁ ተክለ ጊዮርጊስ